ፊዚክስና ኬሚስትሪን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መማር፦ ከመጨረሻው ተነስቶ ወደኋላ መቁጠር

አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ «ፊዚክስ አንድ» የሚባለው ክላስ ሁለት ዓይነት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት አቃጥያለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። በዲቪ መጥቼ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ገባሁ። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን ለመማር ተመዘገብኩ። ለአማካሪው ፊዚክስ መማር እንደምፈልግ ነገርኩት። ኮምፒውተሩን አየት አደረገና «እድለኛ ነህ፣ አንድ ቦታ ቀርቷል» ብሎ አስገባኝ። ክላሱን ወደድኩት፣ «ኤ» ውጤትም አገኘሁበት። በሁለት ሴሚስተር ጨርሼ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለ መዛወር (ትራንስፈር) ስጠይቅ ግን ሌላ ወሬ ሰማሁ። የተማርኩት በአልጀብራ የሚሰጠውን ፊዚክስ ነው። ለባዮሎጂና ለጤና ተማሪዎች ይሆናል፣ ለፊዚክስ ዲግሪ ግን አይቆጠርም። በካልኩለስ የሚሰጠውን ከሀ ብዬ ጀመርኩ።

ሰውዬውን ብዙ አልወቅሰውም። የጠየቅኩት «ምን ልውሰድ?» ብዬ ነው፤ እሱም የሚወሰድ ነገር ሰጠኝ። የምዛወርበትን ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ዝርዝር ይዤ ብገባ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ናቸው። ብዙዎቻችን ያለነው እዚያ ነው፣ እኔም የማውቀው እሱን ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የኮርስ ቁጥሩን ተውትና ቅደም ተከተሉን ውሰዱ።

1. መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን ዕቅድ አውጡ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት የሚገኘው የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፤ ሁለት ዓመት ቤታችሁ አጠገብ በርካሽ ትማራላችሁ፣ 60 ክሬዲት (የኮርስ መቁጠሪያ ነጥብ) ገደማ ሰብስባችሁ የአሶሼት ዲግሪ ትይዛላችሁ፣ ቀሪውን ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትጨርሳላችሁ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምትከፍቱት የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ነው፣ ኮሌጁ ይቆይ። የምትፈልጉት ዲግሪ የአራት ዓመት ዕቅድ እዚያ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮርሶች በወረቀት ገልብጡ። ፊዚክስ ከሆነ ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም፦ ካልኩለስ አንድ፣ ሁለትና ሦስት፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ በካልኩለስ የሚሰጥ ፊዚክስ ሁለት ወይም ሦስት ሴሚስተር፣ ኬሚስትሪ፣ ትንሽ ፕሮግራሚንግ። ኬሚስትሪ ከሆነ ጄኔራል ኬሚስትሪ ሁለት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለት፣ ሁሉም ከነላባቸው (ከነላብራቶሪያቸው)። ካልኩለስና ፊዚክስ ከኬሚስትሪ ተማሪም አይቀርም። ጂኦሎጂ የምትፈልጉም ብትሆኑ ኬሚስትሪና ካልኩለስ ይጠብቋችኋል።

ቀጥሎ የኮሌጃችሁ ኮርስ የዩኒቨርሲቲውን የትኛውን እንደሚተካ ታያላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ቨርጂኒያ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ»፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ «አሲስት» አላቸው። ሦስቱም ነፃ ናቸው፣ ቀጠሮም አይፈልጉም። ማታ ሥራ ቦታ ተቀምጣችሁ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው «ትራንስፈር ያደርጋል» የሚለው አነጋገር ነው። ያ ያቃጠልኩት ፊዚክስም ትራንስፈር አድርጓል! ክሬዲቱ ተቆጥሮልኛል፤ የተቆጠረው ግን እንዲሁ ማሟያ ሆኖ ነው። ስለዚህ አማካሪን ስትጠይቁ «ይዛወራል ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ለሜጀሬ (ለዋና የትምህርት መስኬ) ይቆጠራል ወይስ እንዲሁ ክሬዲት ነው?» በሉ። መልሱን በኢሜይል ቢሰጧችሁ ደግሞ ይመረጣል።

ሁለተኛው ስሙ ነው። ብዙ ኮሌጆች «ፊዚካል ሳይንስ» የሚባል ኮርስ አላቸው። ለሳይንስ ፈላጊ የተዘጋጀ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከጂኦሎጂና ከአስትሮኖሚ ትንሽ ትንሽ የሚያቀምስ፣ ሌላ ሙያ ለሚማሩ ሰዎች የሚሰጥ ክላስ ነው። ለአካውንቲንግ ተማሪ ግሩም ነው፤ እናንተ ግን እለፉት። ትክክለኛው ኮርስ የሚታወቀው በቅድመ ሁኔታው ነው። «ካልኩለስ አንድን ያለፈ» ወይም «አብሮ የሚወስድ» ካላለ የእናንተ ፊዚክስ አይደለም። ለምሳሌ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይህን ፊዚክስ በሦስት ከፍሎ 161፣ 262 እና 263 በሚሉ ቁጥሮች ይሰጣል።

2. ወረቀትና ገንዘብ

በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ስላለው ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ይችላል። «አንድ ዓመት ሳይሞላህ አይሰጡህም» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ሁለት ነገር ተደባልቆ ነው። የፌዴራል እርዳታ ዓመት አያስጠብቅም። ጊዜ የሚጠይቀው የነዋሪ ክፍያ (ለነዋሪዎች የሚቀንሰው ዋጋ) ነው። ቨርጂኒያ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖርን ትጠይቃለች። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ዋጋው እንደ ካውንቲያችሁ ይለያያል፤ የካውንቲው ነዋሪ፣ የስቴቱ ነዋሪ እና ከስቴት ውጭ የመጣ የሚከፍሉት አንድ አይደለም። ኮሌጅ ከመምረጣችሁ በፊት አድራሻችሁ ከየትኛው እንደሚመድባችሁ ጠይቁ።

ፋፍሳ ላይ ስማችሁ ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። የእኛ የአባትና የአያት ስም ጉዳይ እዚህ ብዙ ሰው ያንከራትታል። ከ24 ዓመት በታች ከሆናችሁ፣ ካላገባችሁና ልጅ ከሌላችሁ፣ ወላጆቻችሁ አዲስ አበባም ይኑሩ ደሴ የእነሱን ገቢ ይጠይቃል። በብር ያለውን በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ቀይራችሁ ትሞላላችሁ።

በፋፍሳ የሚገኘው ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ነገር ግን ማብቂያ አለው፤ በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። የእኔ የተሳሳተ ፊዚክስ ከዚያ ላይ ሁለቱን በልቷል። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ክፍያው ይወደዳል፣ ፔሉም ያኔ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ የፌዴራል እርዳታ አታገኙም፤ በሴሚስተርም ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባችሁ። ኮሌጁ ራሱ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ስላለ የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቁ።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የጀመራችሁ ትራንስክሪፕታችሁን ሳትወጡ አስጨርሱ። እዚህ ከመጡ በኋላ የሬጅስትራር መስኮት ላይ ወንድምን ማሰለፍ እንዴት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። እዚህ የትራንስክሪፕቱን ግምገማ ስታሠሩ «ኮርስ በኮርስ» የሚለውን ምረጡ። ዲግሪውን ብቻ የሚገልጸው ርካሽ ነው፣ ግን አንድም የሂሳብ ክሬዲት አያስቆጥርላችሁም።

3. የሂሳብ ምደባው፦ ይህን አትዝለሉ

በፊዚክስም ሆነ በኬሚስትሪ የምትጨርሱበትን ቀን የሚወስነው ፊዚክሱ አይደለም፣ ሂሳቡ ነው። ኮርሶቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቁጥር ብናየው፣ ፕሪካልኩለስ 161 እና 162 ነው፣ ካልኩለስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት 263፣ 264፣ 265 ናቸው፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን 267 ነው። አንዱን ሳታልፉ ቀጣዩ አይከፈትም። ፊዚክስ ደግሞ ከካልኩለስ ኋላ ይከተላል።

አሁን ቁጠሩ። ከፕሪካልኩለስ መጀመሪያ የተመደበ ሰው ካልኩለስ ሦስትን የሚወስደው በአምስተኛው ሴሚስተር ነው። በቀጥታ ካልኩለስ አንድ የገባው በሦስተኛው ይወስደዋል። ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው፤ እሱም በአንድ ከሰዓት በኋላ የምደባ ፈተና የሚወሰን!

ብዙ የእኛ ልጆች ይህን ፈተና ከሌሊት ሽፍት ወጥተው፣ ዓይናቸው እየተከደነ «እንዲሁ ይመድቡኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል በተፈጥሮ ሳይንስ የጨረሰ ልጅ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል አይቷል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላየውን ማለት ነው። ግን አምስት ዓመት ከቆየ ክፍልፋይ መደመር እንኳ ይረሳል፣ እና አልጀብራ ላይ ያስቀምጡታል።

ፈተናው እንደየኮሌጁ ይለያያል። አኩፕሌሰር ወይም አሌክስ ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ውጤታችሁን ብቻ አይቶ የሚመድብም አለ። አኩፕሌሰር የሰዓት ገደብ የለውም። ማትሪክ ላይ የለመድነው ሩጫ እዚህ ጉዳት ነው። ጥያቄው እንደ መልሳችሁ ይከብዳል ወይም ይቀልላል፤ ገና ሲጀመር በጥድፊያ መሳሳት ወደ ታች ይዟችሁ ይሄዳል። የራሳችሁን ካልኩሌተር አያስገቡም፤ ለአንዳንድ ጥያቄ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይከፈትላችኋል።

ስድስት ሳምንት ስጡት። ክፍልፋይ፣ ፋክተሪንግ፣ ኤክስፖነንትና ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ። ይኸው ነው። ካን አካዳሚ በነፃ አለ፤ የአኩፕሌሰር አዘጋጅ ኮሌጅ ቦርድም ነፃ መለማመጃ አለው። ከተመደባችሁ በኋላ ውጤቱ ዝቅ ካለ ድጋሚ መፈተን እንደሚቻል ጠይቁ።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። ትሪጎኖሜትሪ ሳያውቅ በሽምደዳ ካልኩለስ የገባ ጓደኛ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ ነው የወሰደው።

4. ሴሚስተሩን መደልደል

የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት ክላስ ውስጥ አንድ፣ ከክላስ ውጭ ሁለት ሰዓት ነው። 12 ክሬዲት በሳምንት 36 ሰዓት ይሆናል። 40 ሰዓት ሥራ ጨምሩበት። እንቅልፍ የት ገባ?

ላብ ያለው ኮርስ ከዚህም ይብሳል። በወረቀት 4 ክሬዲት ነው፤ ላቡ ብቻውን ግን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ይበላል፣ ከዚያ ሪፖርት አለ። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ በአንድ ሴሚስተር ከሁለት ከባድ ኮርስ በላይ አትያዙ። ከባድ የምለው ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው። ሦስተኛው እንግሊዝኛ ወይም ታሪክ ይሁን። ካልኩለስ ሁለት፣ ፊዚክስና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን አንድ ላይ ይዞ ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው አይቻለሁ፤ እስከ ጥቅምት አልቆየም። ፔል ለትርፍ ሰዓት ተማሪም ተቀንሶ ይሰጣል፣ ስለዚህ ለገንዘቡ ብላችሁ ብቻ አትጫኑ።

እንግሊዝኛን አታዘግዩት። በብዙ ኮሌጆች ኬሚስትሪ ለመመዝገብ የተወሰነ የእንግሊዝኛ ደረጃ ይጠየቃል። የክረምት (ሰመር) ሴሚስተር ለእንግሊዝኛና ለታሪክ ጥሩ ነው፤ ፊዚክስን በስድስት ሳምንት ለመዋጥ ግን አይመከርም።

5. የመጀመሪያው ሳምንት

ሲለበስ (የኮርሱ ዕቅድና ደንብ የተጻፈበት ወረቀት) ይሰጣችኋል። እንደ ውል አንብቡት። ውጤቱ ከምን ከምን እንደሚሰበሰብ፣ ስንት ላብ ቢቀር እንደሚያስወድቅ፣ ያለ ኤፍ የሚወጣበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ሁሉም እዚያ ነው። ቀኖቹን ስልካችሁ ላይ አስገቡ፣ ፒዲኤፉን ደግሞ አስቀምጡ። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ከዚያ የአገር ቤቱን ካላንደር አጠገቡ አድርጉ። ጥምቀት ሴሚስተሩ ሊጀምር ወይም ገና ሲጀምር ነው። ስቅለትና ፋሲካ በፈተና መካከል ይወድቃሉ፣ ረመዳንና ኢድም በየዓመቱ ይዞራሉ። ለሃይማኖት በዓል መምህሩን ቀድማችሁ በኢሜይል ከጠየቃችሁ ብዙውን ጊዜ ችግር የለም። ቀርታችሁ ስትመለሱ ከጠየቃችሁ ግን ሰበብ ይመስላል።

መጽሐፍ አዲስ አትግዙ። ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኦፕንስታክስ ሙሉ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የካልኩለስ መጻሕፍት በነፃ ያወጣል። ገንዘብ የምታወጡት መምህሩ የኦንላይን የቤት ሥራ አክሰስ ኮድ ግዴታ ካደረገ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ክላስ ጠብቁ፤ አንዳንዴ ሲለበሱ ላይ ተጽፎም አይጠቀሙበትም።

6. ላብ

አገር ቤት ላብ ማለት ለብዙዎቻችን የተቆለፈ ክፍል ነበር። ቲትሬሽንን በቾክ ነው የተማርነው። እዚህ ግን የምትነኩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን መደንገጥ ያለ ነው።

አለባበስ፦ መነጽር፣ ጣት የሚሸፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ከበር ይመለሳል። በርነር (የጋዝ እሳት) አጠገብ ሻርፕ ወይም ነጠላ አይሆንም፤ ፀጉርም ይታሰራል። በጾም ወቅት ላቡ ከሰዓት ከሆነ ለራሳችሁ አስቡበት። እኔ አንድ ዓርብ ከአሞኒያ ጠርሙስ አጠገብ ሊያዞረኝ ሲል ወንበር ያቀረበልኝ የላብ ጓደኛዬ ነው።

የላብ ደብተር በእስክሪብቶ ነው። ተሳሳታችሁ? በአንድ መስመር ሰርዙትና አጠገቡ ጻፉ። ማጥፋት፣ መቅደድ፣ ቤት ሄዶ መገልበጥ አይፈቀድም። «ቆንጆ ጽሑፍ» ለሚለው አስተዳደጋችን ይህ ከባድ ነው።

አሁን አንድ ላብ እንሥራ። ብዙ ኮሌጅ በመጀመሪያዎቹ የኬሚስትሪ ሳምንታት የሚሰጠው ነው፦ የአንድ ሳንቲም እፍጋት (ዴንሲቲ፣ መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል)። የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም እስከ 1982 ድረስ 95 በመቶ መዳብ ነበር፣ ክብደቱም 3.11 ግራም። በዚያው ዓመት ተቀየረና ውስጡ ዚንክ ሆኖ ላዩ ብቻ በመዳብ ተቀባ፤ 2.50 ግራም ሆነ። መልኩ አንድ ነው።

20 አዲስ ሳንቲሞች ሚዛን ላይ አደረጋችሁ፦ 50.0 ግራም። ሲሊንደር ውስጥ እስከ 30.0 ሚሊ ሊትር ውሃ ሞላችሁ። ዓይናችሁን ከውሃው ትክክል ዝቅ አድርጉ፤ ውሃው ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሃሉ ላይ ዝቅ ብሎ ይጎደጉዳል፣ የሚነበበው የጎድጓዳው ግርጌ ነው። ሲሊንደሩን አዘንብላችሁ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ አንሸራትቱ። ውሃው 37.0 ደረሰ። የጨመረው 7.0 ነው። 50.0 ሲካፈል ለ7.0፣ ካልኩሌተሩ 7.142857 ይላል። እናንተ የምትጽፉት 7.1 ነው። 7.0 ሁለት አስተማማኝ አኃዝ ብቻ አለውና መልሱም ከዚያ በላይ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። የዚንክ እፍጋት 7.14 ስለሆነ ደህና ናችሁ። በ20 አሮጌ ሳንቲሞች ብትሠሩት 62.2 ለ7.0፣ ማለትም 8.9 ይመጣል። መዳብ 8.96 ነው። ሳንቲሙን ሳትሰብሩት ውስጡን አያችሁት።

አጠገባችሁ ያለው ቡድን ደግሞ ሳንቲሞቹን በአንዴ ዘርግፎ ውሃው 37.5 ሆነበት። 6.7 አወጣ፤ ወደ 7 በመቶ ስህተት። ሪፖርቱ ላይ «የሰው ስህተት» ብሎ ጻፈ። ይህ ሐረግ ነጥብ ያስቀንሳል፣ ምንም አይናገርማ። መምህሩ የሚፈልገው ምን እንደተፈጠረና ቁጥሩን ወዴት እንደገፋው ነው፦ «በሳንቲሞቹ መካከል የአየር አረፋ ተይዞ ይዘቱን አበዛው፤ ስለዚህ እፍጋቱ ከእውነተኛው አነሰ።» ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር መጻፍ የቻለ ሰው ላብ ላይ ኤ ያገኛል። እንግሊዝኛው ቢንገዳገድ እንኳ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዳታ መበደርና ያለፈ ዓመት ሪፖርት መገልበጥ አገር ቤት «መረዳዳት» ነው፤ እዚህ ፋይል የሚያስከፍት ጥፋት ነው። ከላብ ጓደኛችሁ ጋር ዳታው አንድ ይሆናል፣ ጽሑፉ ግን የየራሳችሁ መሆን አለበት።

7. ማጥናት

በአማርኛ አስቡ፣ በእንግሊዝኛ ጻፉ። እኔን የረዳኝ ይህ ነው፣ ግን አንድ መሰናክል አለበት። በአማርኛ «ኃይል» ስንል ፎርስ፣ ኤነርጂና ፓወር ሦስቱንም ልንል እንችላለን። ፊዚክስ ውስጥ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፣ መለኪያቸውም ኒውተን፣ ጁልና ዋት ነው። «ክብደት» ስንልም እንደዚያው፤ በኪሎ የሚለካው መጠነ ቁስ ነው፣ ፊዚክስ ክብደት የሚለው ግን በኒውተን የሚለካውን የስበት ጉተታ ነው። «ሥራ»ም ያታልላል። አንድ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቆሞ የሚጠብቅ ወዛደር በፊዚክስ ቋንቋ በጤፉ ላይ ምንም ሥራ አልሠራም። እሱ ፊት ግን አትናገሩት። ደብተራችሁ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከነመለኪያቸው ሰብስቡ።

ጥያቄ ስትሠሩ ቁጥር የምታስገቡት መጨረሻ ላይ ነው። መኪና ፍሬን ይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ለፍሬኑ መጠን እጥፍ ሲካፈል ነው። ፍሬኑ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ5 ሜትር በሰከንድ የሚቀንስ ከሆነ፣ በ15 ሜትር በሰከንድ የሚሄድ መኪና 22.5 ሜትር ይፈጃል። በ30 የሚሄደው ግን 90 ሜትር። ኡበር ለምትነዱ፣ ይህ በሰዓት ከ34 ማይል ወደ 67 ማይል መውጣት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩን መጀመሪያ ያስገባ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል፤ በፊደል ይዞት የቆየ ግን «አራት እጥፍ» የሚለውን ያያል። ፈተና የሚጠይቀው ይህን ነው። ፎርሙላውን ብዙ ጊዜ በወረቀት ይሰጧችኋል፣ ስለዚህ መሸምደዱ ብዙም አያዋጣም። እያንዳንዱን እርምጃ ጻፉ፤ መጨረሻው ቢሳሳት ለመንገዱ ነጥብ አለ።

ቀጥሎ ኦፊስ አወርስ። እኛ መምህር ቢሮ መሄድን ከጥፋት ወይም ማርክ ከመለመን ጋር አያይዘን ነው ያደግነው። እዚህ መምህሩ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በሩን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ዋና ሥራው ማስተማር ነው፣ ክላሱም ትንሽ ነው። «አልገባኝም» ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሞከራችሁትን ወረቀት አስቀምጡና «እስከዚህ መጣሁ፣ እዚህ ላይ ቆምኩ» በሉ። «ፕሮፌሰር» ብላችሁ ከነአባት ስም ጥሩ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በስምንተኛው ሳምንት ነው፣ ያውም በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሼ። በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልኝ ያው ሰው ነው።

8. ሲበላሽ

በግማሽ ሴሚስተር ፈተናችሁ 40 ከሆነ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ክላስ መምጣት ማቆም መውጣት አይደለም፤ ኤፍ ነው። እስከ ቀነ ገደቡ ራሳችሁ ከወጣችሁ ደብልዩ ይጻፋል፣ እሱም ጂፒኤ አይነካም። ነገር ግን እርዳታ እንዲቀጥል ብዙውን ጊዜ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ አለባችሁ፤ ደብልዩ እንዳላለፈ ይቆጠራል። ከሁሉም ክላስ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ከወጣችሁ ደግሞ ከፔሉ የተወሰነው ይመለሳል። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት የፋይናንሺያል ኤድ ቢሮ ሂዱ።

9. ክረምቱና ትራንስፈሩ

ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ያለውን ክረምት ለምርምር አመልክቱ። የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የክረምት ምርምር ፕሮግራሞች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪንም ይቀበላሉ፣ ግሪን ካርድም ይበቃል፣ አበልም ይከፈላል። ብዙዎቹ የሚዘጉት በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው። አንዳንድ የመንግሥት ቦታዎች ግን ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ ያንን መስመር ፈልጉ። የሜሪላንድ ልጆች፣ ጌይተርስበርግ ያለው የአሜሪካ የመለኪያና የደረጃዎች ተቋምና ግሪንቤልት ያለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ሰፈራችሁ ናቸው። እኔ ጎዳርድ አጠገብ ሁለት ዓመት ስመላለስ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ለትራንስፈር ከአንድ ዓመት በፊት ተነሱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዲግሪውን ጨርሶ የተወሰነ ጂፒኤ ያመጣ ተማሪ በስምምነት የሚገባባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ግን የየሜጀሩን ዝርዝር አንብቡ። ጥሩ ጂፒኤ ያላችሁ የጃክ ኬንት ኩክን የትራንስፈር ስኮላርሺፕ አትለፉት። ውድድሩ ከባድ ነው፣ ሽልማቱ ግን በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይደርሳል።

አሁን ያ ፒዲኤፍ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ኮርስ ካላወቀው «ሲለበሱን ላክ» ይላል። እኔን ስለ ፊዚክስ ሦስት ጠየቁኝ። መምህሩ ለቀው ሄደዋል፣ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊም ሲለበሱን ልታገኘው አልቻለችም። ሦስት ቀን ኢሜይል ስጽፍ ከረምኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ያገኘሁት የላብ ደብተሬ ውስጥ ታጥፎ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ቡና ፈሶበታል። በስልኬ አንስቼ ላክሁት። በሳምንቱ ተቀበሉት፣ ለሜጀር።